ከሥር ወደ ቅዳና መልስ፦ የደም ሥር ስያሜዎች ታሪክ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋዎች

1. መነሻ

የሰው አካል ክፍሎች ስያሜ በሥነ ልሳን ጥናት ብዙ ጊዜ የሚነሣው በመሠረታዊ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ነው። ዓይን፣ ጆሮ፣ እጅ፣ ልብና ደም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ በቀላሉ የማይዋሱ ቃላት ስለሆኑ የዝምድና ማስረጃ ሆነው ያገለግላሉ። ከቆዳ በታች ያለው የአካል ክፍል ግን ሌላ ጠባይ አለው። ዓይንን ለመሰየም ማየት ይበቃል፤ ደም የሚመላለስበትን ቧንቧ ለመሰየም ግን ቧንቧው ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ መገመት ያስፈልጋል። ስለዚህ የደም ሥር ስያሜዎች በውስጣቸው የአካል ንድፈ ሐሳብ ይዘዋል። ንድፈ ሐሳቡ ሲሻር ስያሜው አንዳንድ ጊዜ አብሮ ይሻራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ጉዳዮችን ይመረምራል። አንደኛው፣ በአፍሪካ ቀንድና በአጎራባቹ አካባቢ የሚነገሩ ቋንቋዎች የደም ሥርን በምን መስፈርት እንደሰየሙ ነው። ሁለተኛው፣ «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» የሚሉት የአማርኛ የሳይንስ ቃላት በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ የትኛውን ቦታ እንደሚይዙ ነው። ቃላቱ ከግሪክና ከላቲን ከወረዱት የአውሮፓ ስያሜዎች ይልቅ ለዛሬው ዕውቀት የቀረቡ መሆናቸውን፣ ሆኖም በዕለት ተዕለት ንግግር ውስጥ ከእነርሱ ጋር የማይስማማ ሌላ ሥርዓት እንዳለ ለማሳየት እሞክራለሁ።

2. አንድ ቃል፣ ብዙ አካል

አማርኛ «ሥር» የሚለው ቃል የዛፍን ሥር፣ የነገርን መነሻና ደም የሚሄድበትን ቧንቧ ያመለክታል። በቦታ አመልካችነትም «ከዛፉ ሥር» እንደምንለው ከበታች መሆንን ይገልጻል። የግእዙ «ሥርው» ስፋቱ ከዚህም ይበልጣል። ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው መዝገበ ቃላትም ሆነ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው የንጽጽር መዝገበ ቃላት እንደሚታየው፣ ቃሉ የተክል ሥርን፣ መሠረትን፣ የዘር ግንድን፣ እንዲሁም ጅማትን ያጠቃልላል። «ሥርወ መንግሥት» እና «ሥርወ ቃል» የምንላቸው ጥምር ስሞች የተገኙት ከዚሁ ነው። የቃላትን አመጣጥ የምናጠና ሰዎች የሙያችንን ስም ከደም ቧንቧ ጋር እንጋራለን ማለት ነው።

ይህ የትርጉም መስፋፋት የሴማዊ ቋንቋዎች ብቻ አይደለም። በሶማልኛ «ሒዲድ» የዛፍ ሥርም የደም ሥርም ነው፤ በጋብቻ የሚገኝ ዝምድናንም ይገልጻል። በአፋን ኦሮሞ «ሂዳ» ሥር ማለት ሲሆን «ሂዳ ዲጋ» ሲባል የደም ሥር ይሆናል። የሁለቱ ኩሻዊ ቃላት ተቀራራቢነት በድምፅም በትርጉምም ነው። «ማሰር» ለሚለው ግሥ ሶማልኛ «ሒዽ»፣ ኦሮምኛ ደግሞ «ሂዽ» እንደሚሉ ሲታሰብ፣ የሶማልኛው ሐመሩ «ሐ» ከኦሮምኛው ሃሌታው «ሀ» ጋር የሚዛመድ መሆኑ ሥርዓታዊ ነው። በዐረብኛም «ዒርቅ» ሥርን፣ የደም ቧንቧንና የዘር ሐረግን በአንድነት ይይዛል። ሴማዊውና ኩሻዊው ቤተሰብ፣ ቃሉ የተለያየ ሆኖ ሳለ፣ ሥር፣ ደም ሥርና ዝምድና በሚሉት ሦስት ትርጉሞች ላይ ይገናኛሉ። ይህን በአካባቢያዊ ንክኪ ብቻ መፍታት አያስፈልግም። የሚቀረንፍ ነገርን ማየትና ደምን ከዘር ጋር ማያያዝ ለየትኛውም ማኅበረሰብ የቀረበ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ቋንቋዎቹ ለብዙ ዘመናት ጎን ለጎን መኖራቸው ይህን ትርጉም እንዳጸናው መገመት ከምክንያት አይርቅም።

ኪስዋሂሊ በሌላ መንገድ ወደ ተመሳሳይ ቦታ ይደርሳል። «ምሺፓ» የሚለው ቃል ከተክል ሥር ጋር አይያያዝም፤ ሆኖም የደም ሥርንም ነርቭንም ይይዛል። ልዩነት ሲፈለግ «ምሺፓ ዋ ዳሙ» ተብሎ የደም፣ «ምሺፓ ዋ ፋሃሙ» ተብሎ የሕሊና ወይም የስሜት ሥር ይባላል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድመው የጽሑፍ ማስረጃ የሚገኘው በዐባይ ሸለቆ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው የኤበርስ ፓፒረስ ከልብ ወደ አካል ክፍሎች ሁሉ ስለሚሄዱ «ሜቱ» ይናገራል። ቃሉ የደም ቧንቧን፣ ጅማትንና ጡንቻን ሳይለይ ያጠቃልላል። በሜቱ ውስጥ ደም ብቻ ሳይሆን አየር፣ ውኃና ንፍጥም ይሄዳል። የግብፅ ሐኪም በእጁ የሚዳስሰው ረጅምና ቀጭን ነገር ሁሉ አንድ ስም ነበረው። ይህ በዕውቀት ማነስ ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ቆዳ ተገልጦ ሳይታይ፣ በክርን ላይ የሚዳሰሰው ጅማትና በእጅ ጀርባ ላይ የሚታየው የደም ሥር ቅርጻቸው አንድ ነው። ስያሜው የተመሠረተው በቅርጽ ላይ ነበር።

3. አየር የሚሄድበት ቧንቧ

በቅርጽ ከመሰየም በይዘት ወደ መሰየም የተደረገው ሽግግር በግሪክኛ በግልጽ ይታያል። በቀደመው የግሪክ ሕክምና «ፍሌፕስ» የደም ሥርን ሁሉ ይጠራ ነበር፤ «አርቴሪያ» ደግሞ በመጀመሪያ የአየር ቧንቧ ስም ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኮሱ ፕራክሳጎራስ ሁለት ዓይነት የደም ሥሮች መኖራቸውን ለየ። የሚመቱት ግድግዳቸው ወፍራም የሆኑት ሲሆኑ፣ በሬሳ ውስጥ ባዶ ሆነው ስለሚገኙ የሕይወት እስትንፋስ ተሸካሚዎች ናቸው አለ። ስለዚህ የአየር ቧንቧው ስም ለእነርሱም ተሰጠ። በኋላ ሁለቱን መለየት ሲያስፈልግ ወደ ሳንባ የሚወርደው ቧንቧ «ትራኼያ አርቴሪያ»፣ ማለትም ሻካራው አርቴሪያ፣ ተባለ። ከዚህ ጥምር ውስጥ ቅጽሉ ብቻውን ቀርቶ የዛሬው «ትራኪያ» ሆኗል። የመጀመሪያው ባለቤት ስሙን ለእንግዳው ለቅቆ በቅጽሉ ቀረ።

በአፍሪካ ምድር፣ በእስክንድርያ፣ ሄሮፊሎስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የአርቴሪያ ግድግዳ ከሌላው የደም ሥር ግድግዳ ስድስት እጥፍ እንደሚወፍር ገለጸ። ይህ ሦስተኛ መስፈርት ነው፤ ቅርጽም ይዘትም ሳይሆን የግድግዳው አሠራር። የዛሬው ዕውቀት ልዩነቱን ያጸናዋል። ሁለቱም ዓይነቶች ሦስት ንብርብር አላቸው፦ ደሙን የሚነካ ለስላሳ ውስጣዊ ሽፋን፣ ጡንቻና ተለጣጭ ጭረት ያለበት መካከለኛ ክፍል፣ እንዲሁም ከአካባቢው ጋር የሚያያይዝ ውጫዊ ሽፋን። ከልብ በሚወጡት ውስጥ መካከለኛው ንብርብር ወፍራም ነው፤ የልብን ግፊት መቋቋም አለበትና። ወደ ልብ በሚመለሱት ውስጥ ግን ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይሰፋሉ። ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ ከደሙ ሁለት ሦስተኛ የሚያህለው በእነዚህ ሰፋፊ ሥሮች ውስጥ ይገኛል።

ጋሌን በሁለተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ አርቴሪያ ደም እንጂ አየር እንዳልያዘ በሕያው እንስሳ ላይ አሳየ። በዚህም የስሙ መሠረት ተናደ፤ ስሙ ግን አልተነቃነቀም። ዛሬም በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ደምን ከልብ የሚያወጣው ቧንቧ ከአየር ቧንቧ በወረሰው ስም ይጠራል።

4. የዐረብኛው መንገድ

የጋሌን መጻሕፍት በዘጠነኛው መቶ ዓመት በሑነይን ኢብን ኢስሐቅና በባልደረቦቹ እጅ ወደ ሱርስትና ወደ ዐረብኛ ተተረጎሙ። ዐረብኛው ለአርቴሪያ «ሺርያን»፣ ለሌላው «ወሪድ» የሚሉ ቃላትን አጸና፤ «ዒርቅ» የሁለቱ ማጠቃለያ ሆኖ ቀጠለ። በጋሌን ሥርዓት ወሪድ የሚመነጨው ከጉበት፣ ሺርያን የሚመነጨው ከልብ ነው። ደሙም በሁለቱም ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ሥጋ እንደሚጠቀምበት ምግብ በዚያው ያልቃል እንጂ አይመለስም።

በዚህ ሥርዓት ልብንና ሳንባን የሚያገናኙት ሁለት ቧንቧዎች የስያሜ ችግር ፈጠሩ። ከልብ ቀኝ ክፍል የሚወጣው ቧንቧ በቀኝ ስላለ ወሪድ መባል ነበረበት፤ ግድግዳው ግን እንደ ሺርያን ወፍራም ነው። ስለዚህ «አል-ወሪድ አሽ-ሺርያኒ» ተባለ። በግራ ያለው ደግሞ በተቃራኒው «አሽ-ሺርያን አል-ወሪዲ» ሆነ። ሁለት መስፈርቶች ሲጋጩ አንዱ ስም፣ ሌላው ቅጽል ሆነው ታረቁ።

እ.ኤ.አ. በ1288 ካይሮ ውስጥ ያረፈው ኢብን አን-ነፊስ በኢብን ሲና ቃኑን የአካል ክፍል ላይ በጻፈው ማብራሪያ በቀኝና በግራ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ቀዳዳ እንደሌለው፣ ደሙም ከቀኝ ወደ ግራ የሚደርሰው በሳንባ በኩል መሆኑን ጻፈ። የጋሌንን ትምህርት በአንድ ዋና ነጥብ ላይ አፈረሰ። ሐሳቡን የጻፈው ግን በዚያው በጋሌን የስያሜ ሥርዓት፣ «ወሪድ ሺርያኒ» እና «ሺርያን ወሪዲ» እያለ ነው። አዲስ ሐሳብ በአሮጌ ስያሜ ሊነገር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ማብራሪያው የዘመናዊ ምሁራንን ትኩረት የሳበው ሙሕዪ አድ-ዲን አት-ታጣዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 በጀርመን ፍራይቡርግ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው።

5. መመለስ የሚባል ሐሳብ

እ.ኤ.አ. በ1628 ዊልያም ሃርቪ በፍራንክፈርት ባሳተመው መጽሐፍ ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ እንደሚመለስ አስረዳ። ከማስረጃዎቹ አንዱ ስሌት ነበር። ልብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ሺሕ ጊዜ በላይ ይመታል፤ በእያንዳንዱ ምት ጥቂት ብቻ ደም ይወጣል ቢባል እንኳ ድምሩ ከተበላው ምግብ ሊመነጭ ከሚችለው እጅግ ይበልጣል። ዛሬ በሚለካው መጠን፣ በዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ይገፋል፤ ይህም በመላ አካሉ ካለው ደም ጋር ሊተካከል የቀረበ ነው። ሁለተኛው ማስረጃ ክንድን ማሰር ነበር። በጣም ሲጠብቅ የእጅ ምት ይጠፋል፤ ጥቂት ሲላላ ደግሞ ከማሰሪያው በታች ያሉት ሥሮች ያብጣሉ። የመጣው ደም መመለሻ አጥቷልና። መምህሩ ፋብሪሲዩስ እ.ኤ.አ. በ1603 የገለጻቸው፣ በእነዚህ ሥሮች ውስጥ የሚገኙ ቫልቮችም ደሙ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ የሚያደርጉ መሆናቸውን ሃርቪ አሳየ።

ሃርቪም ቢሆን የሳንባውን ቧንቧ በላቲን የጠራው በአሮጌው ስም፣ «ሥራማው ወሪድ» ከሚለው የዐረብኛ አቻ ጋር በሚገጥመው ጥምር ነበር። ስያሜው የተለወጠው በኋላ ነው። ዛሬ በአውሮፓ ቋንቋዎችም በዐረብኛም ያው ቧንቧ የሳንባ አርቴሪ፣ «አሽ-ሺርያን አር-ሪአዊ»፣ ይባላል። ለብዙ መቶ ዓመታት ወሪድ የነበረው ሺርያን ሆነ። ቧንቧው አልተለወጠም፤ የተለወጠው መስፈርቱ ነው። አቅጣጫ ከቦታና ከይዘት በላይ ዳኛ ሆነ።

የሃርቪ ሐሳብ አንድ ክፍተት ነበረው፤ ደሙ ከአንዱ ዓይነት ሥር ወደ ሌላው በምን እንደሚሻገር አላየም። ሃርቪ በሞተ በአራተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1661፣ ማልፒጊ በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ ቀጫጭን አገናኝ ሥሮችን በማይክሮስኮፕ አየ። የላቲኑ ስያሜ ከጠጉር የተወሰደ ነው፤ ዐረብኛም «ሻዕር» ከሚለው የጠጉር ስም አቻውን አበጀ። ኪስዋሂሊ «ካፒላሪ» ብሎ ቃሉን እንዳለ ወሰደ። አማርኛ «ቀጫጭን የደም ሥሮች» ሲል ምሳሌውን ትቶ ጠባዩን ብቻ ይናገራል። ስፋታቸው ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ስለሆነ፣ ቀይ የደም ሕዋስ በአንዳንዶቹ ውስጥ የሚያልፈው ተጣጥፎ ነው። የሰው ጠጉር ከእነርሱ ብዙ እጥፍ ይወፍራል።

እዚህ ላይ የ«ሥር» ምሳሌ ወሰኑ ይታያል። የዛፍ ሥር እየቀጠነ ሄዶ በጫፉ ያልቃል፤ ጫፉ ከሌላ ሥር ጫፍ ጋር አይጋጠምም። «ሥር»፣ «ሒዲድ»፣ «ሂዳ» እና «ዒርቅ» የቅርንጫፍነትን ቅርጽ በትክክል ይሰጣሉ፤ ክብን ግን አይሰጡም።

6. ቅዳና መልስ

አማርኛ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የዘመናዊ ትምህርት መስጫ ቋንቋ ሲሆን ለሁለቱ ዓይነት የደም ሥሮች «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» የሚሉ ስሞች በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ተለመዱ። ሌሎች የአካባቢው ቋንቋዎች ሌላ መንገድ መርጠዋል። ኪስዋሂሊ «አቴሪ» እና «ቬና» ብሎ ተዋሰ። ሶማልኛ ለዋናው የደም ሥር የቆየውን «ሀልቦውሌ» የሚለውን የራሱን ቃል ለአርቴሪ አዋለ። የአማርኛው መንገድ አዲስ ጥምር መፍጠር ነበር።

የጥምሩ ቅርጽ ሊጤን ይገባዋል። በአማርኛ ከስምና ከግሥ የሚገኝ ጥምር ብዙ ጊዜ የባለቤት ቅጽልን ይጠቀማል፤ «ተባይ አጥፊ»፣ «ገንዘብ ያዥ» እንደሚሉት። በዚህ መንገድ ቢሄድ «ደም ቀጂ» እና «ደም መላሽ» ይሆን ነበር። ሁለተኛው በእርግጥ አልፎ አልፎ ይሰማል። «ቀጂ» ግን ጽሑፍ የሚገለብጥን ሰው ያስታውሳል፤ «ደም ቀጂ» ደግሞ በጤና ጣቢያ ለምርመራ ደም የሚወስደውን ባለሙያ ይመስላል። የተመረጠው እንደ «ነፍስ አድን» ያለው ቅርጽ ነው። በዚህ ዓይነት ጥምር ግሡ ከትእዛዝ አንቀጽ ጋር በመልክ አንድ ይሆናል፤ «ቅዳ» እና «መልስ» ለብቻቸው ሲቆሙ ለሁለተኛ መደብ ተባዕት የሚነገሩ ትእዛዞች ናቸው። ሕያው ሰውን ከመሣሪያና ከአካል ለመለየት ይህ ቅርጽ የተሻለ ያገለግላል።

ትርጉሙ ደግሞ ከቅርጹ ይበልጣል። «ቀዳ» ሁለት ጫፍ ያለው ግሥ ነው፤ ውኃ ከምንጭ ይቀዳል፣ ቡና ከጀበና ወደ ስኒ ይቀዳል። መነሻና መድረሻ ይፈልጋል። «መለሰ» ግን ከዚህ አልፎ ቅድመ ግምት ይይዛል። ያልሄደ ነገር አይመለስም። ደም በሥሩ ወደ ውጭ ብቻ ሄዶ ሥጋ ውስጥ ያልቃል ብሎ የሚያምን ሰው ቧንቧውን «መልስ» ብሎ ሊሰይመው አይችልም። በመሆኑም ቃሉ የታሪክ ሰነድ ነው፤ የጸሐፊው ስምና ዓመተ ምሕረት ባይታወቅ እንኳ ከ1628 በኋላ ባለው ዕውቀት መፈጠሩን ትርጉሙ ራሱ ይመሰክራል። የአውሮፓው ስም የፕራክሳጎራስን ግምት ሲያስታውስ የአማርኛው ስም የሃርቪን ድምዳሜ ይይዛል።

የትምህርት ጥቅሙም ተጨባጭ ነው። ብዙ ተማሪ አርቴሪን «ኦክስጅን ያለበት ደም የሚሄድበት» ብሎ ይይዛል፤ ወደ ሳንባ የሚሄደው ሲመጣ ግን ደንቡ ይፈርስበታል። በእትብት በኩልም እንዲሁ ነው፤ ከእናት ወደ ፅንሱ ኦክስጅን የሚያደርሰው ሥር በአቅጣጫው ደም መልስ ነው። «ቅዳ» እና «መልስ» የሚሉት ቃላት ግን ስለ ኦክስጅን ምንም አይሉም። አቅጣጫን ብቻ ስለሚናገሩ በሁለቱም ስፍራ ትክክል ሆነው ይቆያሉ።

አንድ የሚከብድ ቦታ አለ። ከአንጀት ደም ሰብስቦ ወደ ጉበት የሚወስደው ትልቅ ሥር ከቀጫጭን ሥሮች ተነሥቶ እንደገና በጉበት ውስጥ ወደ ቀጫጭን ሥሮች ይከፋፈላል። ላቲንና ዐረብኛ በበር ሰይመውታል። በአማርኛ ደም መልስ ሲባል ወደ ልብ የሚደረገው ጉዞ በመንገድ ላይ ጉበት ያርፋል። ስያሜው አልተሳሳተም፤ ሆኖም ፍቺው «በቀጥታ ወደ ልብ» ተብሎ መጻፍ የለበትም።

7. ሁለት ሥርዓት በአንድ ተናጋሪ

ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ አማርኛ ሌላ የደም ንድፈ ሐሳብ ይዟል። ከፍተኛ የደም ግፊት በሕዝብ ዘንድ «ደም ብዛት» ይባላል። በሽታው ግን በስም እንደተነገረው የደም መብዛት ሳይሆን ደሙ በቅዳ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከፍ ማለቱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ትናንሾቹ ሥሮች ስለሚጠቡና ትልልቆቹ መለጠጣቸው ስለሚቀንስ ይመጣል። «ደም ብዛት» ከ«ደም ማነስ» ጋር በቃላት ደረጃ ፍጹም ተቃራኒ ሆኖ ይቆማል። ከቋንቋው ብቻ የሚነሣ ሰው አንዱ ያለበት ሰው ሌላው ሊይዘው አይችልም፣ ወይም አንዱ የሌላው መድኃኒት ነው ብሎ ቢደመድም የአመክንዮ ስሕተት አልሠራም። በእርግጥ ግን ሁለቱ፣ ለምሳሌ በኩላሊት ሕመምተኛ ላይ፣ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ሕመምተኛው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ወይም የሚቀጥለው በዚህ ቃል ላይ ተመሥርቶ ሊሆን ይችላል።

ጎረቤት ቋንቋዎች ተመሳሳይ ምርጫ ገጥሟቸዋል። ሶማልኛ «ዲግ ካር» ሲል ደምን እንደሚፈላ ያያል። አፋን ኦሮሞ «ዲባ ዲጋ»፣ ኪስዋሂሊ «ሺኒኪዞ ላ ዳሙ» ሲሉ ሁለቱም መግፋትን ይናገራሉ። አማርኛም «ደም ግፊት» የሚለውን በጽሑፍ ቋንቋው አጽንቷል። ሆኖም ሁለቱ ስሞች አንዱ ሌላውን ሳይተካ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንደኛው በማዘዣ ወረቀት፣ ሁለተኛው በተጠባባቂዎች አግዳሚ ወንበር ላይ።

«ሥር» እና «ጅማት» የሚሉትም ቃላት እንዲሁ ናቸው። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሕዝቅኤል 37 አጥንትን የሚያያይዘውን «ጅማት» ይለዋል፤ የዛሬ ሐኪምም ከዚህ ጋር ይስማማል። በንግግር ግን «ሥሬ ተያዘ» የሚል ሰው ጅማቱን፣ ነርቩን ወይም የደም ሥሩን ማለቱ ሊሆን ይችላል። ይህ የ«ሜቱ» እና የ«ሥርው» ጥንታዊ ስፋት ነው፤ ዛሬም አልጠፋም። ሐኪሙ በልዩ ትርጉም ሰምቶ፣ ታማሚው በሰፊው ትርጉም ተናግሮ ሲለያዩ የሚጎዳው ታማሚው ነው።

8. ማጠቃለያ

የደም ሥር ስያሜ ታሪክ አራት መስፈርቶችን አሳይቶናል፦ ቅርጽ በ«ሥር» እና በ«ሜቱ»፣ ይዘት በ«አርቴሪያ»፣ የግድግዳ አሠራርና ቦታ በ«ወሪድ ሺርያኒ»፣ አቅጣጫ በ«ቅዳ» እና በ«መልስ»። የኋለኛው የፊተኛውን አላጠፋም። አማርኛ ዛሬ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አጣምሮ «ደም ቅዳ የደም ሥር» ይላል፤ ጥንታዊው ቃል አጠቃላይ ስም፣ አዲሱ ቃል መለያ ሆኗል። ይህ ጥሩ ክፍፍል ስለሆነ ሊጠበቅ ይገባል።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በርካታ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የአንደኛ ደረጃ ሳይንስ ማስተማሪያ ሆነዋል፤ ተማሪው ግን በሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ይህን ድልድይ የሚሠሩ የቃላት ኮሚቴዎች የአውሮፓውን ስም ሲተረጉሙ ከስሙ ጋር የመጣውን አሮጌ ግምት አብረው ከመተርጎም መጠንቀቅ አለባቸው። አስቀድሞ የሚጠየቀው «ይህ አካል ምን ይሠራል» የሚለው ነው፤ ቀጥሎም «ይህን የሚል ግሥ በቋንቋችን የትኛው ነው» ይባላል። ደግሞም ኮሚቴው በሠራው ቃል ፊት ለፊት ሕዝቡ የሚናገረውን መመዝገብ ይኖርበታል። «ደም ብዛት» ከመዝገበ ቃላት ቢወጣ ከአፍ አይወጣም፤ ከ«ደም ግፊት» ጋር በአንድ መግቢያ ሥር ተቀምጦ ልዩነቱ ቢብራራ ግን ተናጋሪውም ሐኪሙም ይጠቀማሉ።